የመስቀል አደባባይ መስመሮች በአትላንታ

ቡፎርድ ሃይዌይ የሚኖር ሰው ወደ ሃይ ሙዚየም ለመሄድ መኪና አያስፈልገውም። በአውቶቡስ ዶራቪል ደርሶ ማርታ የተባለውን የከተማዋን ባቡር ከያዘ፣ አርትስ ሴንተር ሲወርድ ሙዚየሙ እዚያው አጠገብ ነው። በወሩ ሁለተኛ እሑድ መግቢያው ነጻ ነው። የሚከብደው ከገቡ በኋላ ያለው ነው፤ ከአሜሪካ ሥዕሎች ፊት ሲቆሙ «የፈረንጅ ታሪክ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ?» የሚል ስሜት ቶሎ ይመጣል።

ይህ ስሜት ብዙ አያስኬድም። የአሜሪካን የመልክዓ ምድር አሣሣል በመጀመር የሚወደሰው ቶማስ ኮል በ1801 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የተወለደው እንግሊዝ ነው። ሠዓሊው ሄንሪ ኦሳዋ ታነር ደግሞ እዚሁ አትላንታ ኖሮ፣ ክላርክ ዩኒቨርሲቲ አስተምሮ፣ በ1891 ፓሪስ ገባ፤ ስሙም የገነነው በዚያ ነው። አንዱ መጤ፣ ሌላው ስደተኛ፤ ታሪኩ ሁለቱንም የእኔ ይላል።

ቢል ትሬይለር ጋ ግን ረጋ ብሎ መቆም ይገባል። አላባማ ውስጥ በባርነት ተወልዶ ዕድሜውን በእርሻ ገፋ። መሣል የጀመረው ሰማንያን ካለፈ በኋላ፣ ሞንትጎመሪ መንገድ ዳር ተቀምጦ፣ ሰው በጣለው ካርቶን ላይ ነው። ሃይ ብዙ ሥዕሎቹን ሰብስቧል። ሥዕል ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው ምን ይሥላል የሚል ካለ፣ ሰዎቹንና እንስሶቹን ይያቸው፤ አንድ ትርፍ መስመር የላቸውም።

ወደ ጁሊ ምሕረቱ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል፤ እሷ ዘንድ መስመር ይበዛል። በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በ1977 ከወላጆቿ ጋር ሚሺጋን ገባች። የበርካታ ዓመታት ሥራዋን የያዘው ዐውደ ርእይ ከጥቅምት 2020 እስከ ጥር 2021 ሃይ ውስጥ ታይቷል፤ በኮሮና ሰሞን ስለነበር ብዙዎቻችን ሳናየው አልፏል። «ሞጋማ» ከተባለው ሥዕሏ አራት ክፍሎች አንዱ ግን የሙዚየሙ ንብረት ነው። ሙዚየም ሥዕሎቹን ስለሚያፈራርቅ መሰቀሉን አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

የዚህ ክፍል ቁመት ከአራት ሜትር ተኩል ያልፋል። ጁሊ የሕንፃዎችን ንድፍ በቀለም ትገለብጣለች፣ ላዩን ብርሃን በሚያሳልፍ አክሬሊክ ትሸፍናለች፣ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለች፣ እንደገና ትሥላለች። ተፍቆ ዳግም እንደተጻፈበት ብራና የታችኛው ከላይኛው ሥር ብቅ ይላል። ሞጋማ ካይሮ ታህሪር አደባባይ ያለው፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የነበረው ሕንፃ ስም ነው፤ ሥዕሉ የተሠራው ከ2011ዱ አመፅ ማግስት ነው። ከታህሪር ጋር ሕዝብ የሚሰበሰብባቸው የሌሎች ከተሞች አደባባዮች ተደራርበዋል፤ መስቀል አደባባይም አለ። ለብቻው ነጥሎ ለማግኘት ግን አይድከሙ። መጀመሪያ ራቅ ብለው ጭጋግ የሚመስለውን ይዩ፣ ከዚያ ተጠግተው አንዱን መስመር እስኪጠፋ ይከተሉ።

ጁሊንም የእኔ የሚላት ታሪክ ከአንድ በላይ ነው። በ2003 የዋሽንግተኑ የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ሥራ ሲያሳይ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ካስተማረው ከእስክንድር ቦጎሲያን ጎን እሷም ነበረች። የአትላንታው ዐውደ ርእይ በ2021 ያቀናው ወደ ኒውዮርኩ ዊትኒ ነው፤ ዊትኒ ደግሞ በ1931 በሩን ሲከፍት ለአሜሪካ ሥነ ጥበብ ብቻ ብሎ የከፈተ ሙዚየም ነው።