የሻንጣው ክኒንና የድሬዳዋ ትኩሳት

ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ሻንጣውን ሲከፍት ከጫማውና ከሽቶው ሥር አንድ ነገር አይታጣም፤ እስከ አንገቱ የሞላ የታይሊኖል ጠርሙስ። «ለራስ ምታትም ለጉንፋንም ይሆናችኋል» ይባልና ቡፌው ላይ ቦታ ይሰጠዋል። ከቴል አቪቭ የምትመጣው እህት አካሞል ትይዛለች፤ ከዱባይ የተመለሰችው ደግሞ አዶል። ከሰፈሩ መድኃኒት ቤት የተገዛው ፓራሲታሞል ቀድሞም መሳቢያ ውስጥ አለ። አራት ስም፣ አራት ዓይነት ማሸጊያ፣ አንድ መድኃኒት።

አሜሪካኖቹ አሴታሚኖፌን ይሉታል፣ አብዛኛው ዓለም ፓራሲታሞል። ሁለቱም ስሞች ከአንድ ረጅም የኬሚስትሪ ስም ተቆንጥረው የወጡ ናቸው። ትኩሳት የያዘው ሰው ግን ይህን ከየት ያውቃል? ጠዋት ሁለት የአገር ቤቱን ይውጣል። አልሻለው ሲል ከሰዓት በኋላ «የውጭው ይጠነክራል» ብሎ ሁለት ታይሊኖል ይደግማል። ማታ ደግሞ ከሻንጣው የወጣውን የጉንፋን ሽሮፕ ይጠጣል። ናይክዊልን በመሰሉ የጉንፋን ሽሮፖች ውስጥ ያለው ትኩሳት አብራጅም ይኸው መድኃኒት ነው። በሰውየው ቤት ሦስት መድኃኒት ወስዷል፤ ጉበቱ የሚቆጥረው ግን አንድ ብቻ ነው።

ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ጣሪያው 4 ግራም ነው፤ ባለ 500 ሚሊግራሙ ክኒን ከሆነ 8 ፍሬ። ሰውነቱ ለከሳ፣ ምግብ ካፉ ከራቀ ለሰነበተ፣ መጠጥ ለሚያዘወትር ወይም ጉበቱ ለታመመ ጣሪያው ዝቅ ይላል። ጉበት መድኃኒቱን ሲያብላላ ጥቂቱ ወደ መርዝነት ይለወጣል፤ ጉበትም ያንን መርዝ የሚያረክስበት ግሉታታዮን የሚባል ስንቅ አለው። ስንቁ ካለቀ መርዙ ወደ ራሱ ወደ ጉበቱ ይዞራል። ክፋቱ ነገሩ ድምፅ አልባ መሆኑ ነው። ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው የመጀመሪያውን ቀን ትንሽ ቢያቅለሸልሸው እንጂ ደህና መስሎ ሊውል ይችላል። ማርከሻው አሴቲልሲስቲን ደግሞ በጣም የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ዓይን ቢጫ እስኪሆን የጠበቀ ሰው ዘግይቷል። በአሜሪካ በድንገት ጉበታቸው ከሚከሽፍ ሕሙማን ግማሽ ለሚሆኑት ምክንያቱ ይኸው በየቤቱ ያለ ክኒን ነው።

ይህን የምጽፈው ፓራሲታሞልን ለማስጠላት አይደለም። በልኩ ከተወሰደ በቫይረስ ለመጣ ትኩሳት ከእሱ የተሻለ ጓደኛ ማግኘት ይከብዳል። ቫይረሱን አይገድልም፤ ሰውየውን ያሳርፈዋል። ለሕፃንም ቢሆን የሚሰጠው ቴርሞሜትሩ ላይ ያለውን ቁጥር ለማሸነፍ ሳይሆን ልጁ ተረጋግቶ እንዲጠጣና እንዲተኛ ነው። ትኩሳቱ ቢበርድ እንኳ በትኩሳት የሚመጣውን መንቀጥቀጥ እንደማያስቀር ሐኪሞች ይናገራሉ።

የሕፃናቱ ጣጣ ማንኪያው ላይ ነው። መጠኑ በክብደት ይሰላል፤ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ በ24 ሰዓት ከአራት ጊዜ ሳይበልጥ። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም ማለት ነው። የተለመደው ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊግራም ስለሚይዝ አንድ የመድኃኒት ማንኪያ ይበቃዋል። ለጨቅላ የሚዘጋጀው ጠብታ ግን በ1 ሚሊ ሊትር ብቻ 100 ሚሊግራም የያዘ አለ። እናት «አንድ ማንኪያ» የሚለውን ከጎረቤት ሰምታ ጠብታውን በማንኪያ ከሰጠች፣ ልጁ 500 ሚሊግራም ጠጣ ማለት ነው። የአዋቂ ክኒን ሙሉ። የሻይ ማንኪያችንም ቢሆን አንዱ ከሌላው አይመጣጠንም።

አሁን ወደ ድሬዳዋ ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ትኩሳት በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው እዚያ ነው። በ2019 ቺኩንጉንያ በዚያችው ከተማ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ጣለ። በ2023 ደንጊ አፋር ውስጥ ሚሌና ሎግያን አዳረሰ። ሁለቱን በሽታዎች የምታስተላልፈው አንዲት ትንኝ ናት፤ በቀን ትናከሳለች፣ ውሃ ሲጠፋ በምናጠራቅምበት በርሜልና ጀሪካን ውስጥ ትፈለፈላለች። ቺኩንጉንያ መገጣጠሚያን ይቆለምማል፤ ስሙም በማኮንዴ ቋንቋ የመጉበጥን ነገር ይናገራል። ጉልበቱ አልታዘዝ ያለው ሰው ደግሞ ምን እንደሚጠይቅ እናውቃለን፤ መርፌ። ዲክሎፌናክ።

እኛ አገር ክኒን ይዞ ወደ ቤት የተመለሰ ታማሚ እንዳልታከመ ይቆጠራል። «አንዲት መርፌ እንኳ ሳይወጉኝ» የሚል ወቀሳ ያልሰማ የጤና ባለሙያ ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን በዚያች ከተማ ሕመሙ ቺኩንጉንያ ይሁን ደንጊ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዓይን አይለይም። ደንጊ ከሆነ ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ቁጥራቸው እየወረደ ነው። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ደግሞ የቀሩትን ፕሌትሌቶች ሥራ ያደናቅፋሉ፣ ጨጓራንም ይቆጣሉ። አስፕሪን የነካው ፕሌትሌት ዕድሜው እስኪያበቃ አያገግምም። ጡንቻ ውስጥ የሚሰጥ መርፌ በራሱ ደም ሊያቋጥር ይችላል። ስለዚህ ደንጊ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ምክሩ ያው ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ ነው፤ በእርግጥ ወባ ባለበት አገር ደም መመርመሩ አይቀርም።

ሌላም ወጥመድ አለ። ደንጊ የሚከፋው ትኩሳቱ ሲወርድ ነው። ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ ገላው ይበርዳል፣ ቤተሰቡም «ተመስገን፣ ላብ ወጣው» ይላል። በከባዱ ደንጊ ከደም ሥር ፈሳሽ እየሾለከ የሚወጣው ግን ያን ጊዜ ነው። ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ መቅበጥበጥ ወይም መፍዘዝ ከታየ የሚኬደው ሆስፒታል ነው፤ ቴርሞሜትሩ ምንም ይበል ምን።

ጥንቃቄ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። በማርች 2020 የፈረንሳይ የጤና ሚኒስትር ኦሊቪዬ ቬራን አይቡፕሮፌን ኮቪድን ያባብሳል ብለው አስጠነቀቁ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ሳምንት ለጥቂት ቀን ከእሳቸው ጋር ቆሞ ተመለሰ። ማስረጃ አልነበረም። የአስፕሪንና የልጆች ነገር ግን ሌላ ነው። አውስትራሊያዊው ዳግላስ ሬይ በ1963 የገለጸው፣ ከጉንፋን ወይም ከጉድፍ በኋላ የልጆችን አንጎልና ጉበት የሚያጠቃው ሕመም በአሜሪካ በ1980 ብቻ በ555 ልጆች ላይ ተመዝግቧል። ወላጆች ለልጅ አስፕሪን መስጠት ሲያቆሙ በ1990ዎቹ አጋማሽ በዓመት ከሁለት የማይበልጥ ሆነ። ከሻንጣው አስፕሪን ከወጣ ለአያት ልብ ታስቦ እንደሆነ ይጠየቅ፤ ለልጅ ትኩሳት ግን አይሆንም።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ወሰደ? በስንት ሰዓት?» ነው። አስታማሚ ከኪሱ ትንሽ ፌስታል ያወጣል። መድኃኒት ቤቱ ከትልቅ ዕቃ ቆጥሮ የሰጠው ነው፤ አራት ነጫጭ ፍሬዎች ቀርተውበታል፣ ስም የለውም። ሐኪሙ አንዷን አንሥቶ ወደ መብራቱ ያዞራታል።