ኮምፒዩተር የሚመርጠው መድኃኒት

ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፣ ቶሎ ቶሎ መሽናትና ከእምብርት በታች የሚሰማ ሕመም በየቤታችን የታወቁ ናቸው። ይህ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በይበልጥ እናቶቻችንንና እህቶቻችንን ያጠቃል፤ ከሴቶች ግማሽ ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ያገኛቸዋል። ዋነኛው መንስኤ በአንጀታችን ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተሰኘ ባክቴሪያ ነው። ወደ ሽንት ፊኛ ሲዘልቅ ሕመም ያስከትላል፤ ሳይታከም ከቆየም እስከ ኩላሊት ሊደርስ ይችላል።

አሳሳቢው ነገር ባክቴሪያው ቀድሞ ይገድሉት የነበሩትን መድኃኒቶች እየተላመዳቸው መምጣቱ ነው። መድኃኒት በተላመዱ ልዩ ልዩ ባክቴሪያዎች ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓለም ዙሪያ መሞታቸውን ተመራማሪዎች ገምተዋል። ታዲያ አዲስ መድኃኒት ከየት ይምጣ?

ጓጉንቸሩን አይቶ መክፈቻ መሥራት

ባክቴሪያ የሚራባው በውስጡ ባሉ ፕሮቲኖች አማካይነት ነው። ከእነዚህ አንዱ ጋይሬዝ ይባላል፤ የተጠማዘዘውን ዲ ኤን ኤ እየቆረጠና መልሶ እየቀጠለ ያፍታታል። ጋይሬዝ ከቆመ ባክቴሪያው መባዛት አይችልም። ሳይንቲስቶች የፕሮቲኑን ቅርጽ በኤክስሬይ ካወቁ በኋላ ኮምፒዩተር ላይ ያስቀምጡታል። ከዚያም ገና በላቦራቶሪ ያልተሠሩ ውሁዶችን ሳይቀር፣ መክፈቻ በጓጉንቸር እንደሚሞከር ሁሉ፣ አንድ በአንድ ይሞክሩበታል። ኮምፒዩተሩም የትኛው አጥብቆ እንደሚይዝ ነጥብ ይሰጣል። መድኃኒቱ ሲዋጥ ወደ ደም መግባቱና በበቂ መጠን ወደ ሽንት መድረሱም ሊታሰብበት ይገባል።

ሌላው መንገድ ኮምፒዩተሩን ማስተማር ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ከ2,300 የሚበልጡ ውሁዶች ኢ. ኮላይን ማስቆም አለማስቆማቸውን ለኮምፒዩተር አስተማሩት። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ባደረጉት በዚሁ ጥናት ኮምፒዩተሩ ከ107 ሚሊዮን በላይ ውሁዶችን መርምሮ ጥቂት አቀረበ። ከእነዚህ 23ቱ በላቦራቶሪ ሲፈተኑ፣ ቢያንስ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ማስቆም የቻሉት 8 ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ ልብ እንበል! ኮምፒዩተር ፍለጋውን ያሳጥራል እንጂ ፈዋሽነትን አያረጋግጥም። ማረጋገጫው የሚገኘው በላቦራቶሪ፣ ቀጥሎም በሰው ላይ በሚደረግ ጥንቃቄ የተሞላ ሙከራ ነው።

15 ዓመት የፈጀ ጉዞ

ጋይሬዝን ከቀድሞዎቹ መድኃኒቶች በተለየ ቦታ የሚይዙ ውሁዶች ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ2010 በአንድ የሳይንስ መጽሔት ታተመ። የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነው ጌፖቲዳሲን ከዚያ ወዲህ ከ3 ሺህ በላይ ሴቶች በተሳተፉባቸው ሁለት ታላላቅ ሙከራዎች ናይትሮፉራንቶይን ከተባለው ነባር መድኃኒት ጋር ተነጻጸረ። በአሜሪካ የተፈቀደው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 2025) ነው፤ ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሴቶች፣ ላልተወሳሰበ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን። ከመጀመሪያው ጽሑፍ እስከ ፈቃዱ 15 ዓመት መፍጀቱን አስተውሉ።

ስለዚህ በእጃችን ያሉትን መድኃኒቶች መጠበቅ የሁላችን አደራ ነው። አንዳንድ እህቶች ሕመሙን መናገር እያፈሩ ከጎረቤት የተረፈ ካፕሱል ይውጣሉ፤ አንዳንዶቻችንም ሕመሙ ቀለል ሲለን የታዘዘልንን እናቋርጣለን። በሕክምና ግን ሐፍረት የለም። ሽንት አስመርምረን፣ የታዘዘውን በታዘዘው ቀንና መጠን እንውሰድ። ትኩሳት፣ የጎን ሕመም ወይም እርግዝና ካለ አንዲት ቀን እንኳ ሳናሳልፍ ወደ ሐኪም እንሂድ።

እናንተ ወጣቶችም ኬሚስትሪን፣ ሒሳብንና ኮምፒዩተርን ለፈተና ብቻ አትማሯቸው። የነገው መድኃኒት የሚገኘው ሦስቱን አጣምሮ ከሚያውቅ ሰው ዘንድ ነውና።