የተሸላሚ መጽሐፍ ዕድሜ

ሽልማት ለደራሲ ክብር ነው፤ ለመጽሐፍ ግን ዕድሜ አይሆነውም። የመጽሐፍ ዕድሜ ያለው በአንባቢ እጅ ነው። ይህንንም ለመረዳት የቀድሞዎቹን ተሸላሚዎች መለስ ብሎ መመልከት ይበቃል።

የሳይንስ ልብ ወለድ የሚባለው፣ ይኸውም ገና ያልመጣውን ዘመን በሐሳብ እየፈጠረ የሚተርከው የድርሰት ዓይነት፣ በአሜሪካ የራሱን ሽልማት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ስሙም «ሁጎ» ይባላል፤ የተሰየመውም በ1926 የዚህን ድርሰት መጽሔት ላቋቋመው ለሁጎ ጌርንስባክ መታሰቢያ ነው። መራጮቹ በጉባኤ የሚሰበሰቡ አንባቢዎች ናቸው። በመጀመሪያ የመረጡት ልብ ወለድ የአልፍሬድ ቤስተር ነበር፤ ሰው የሰውን ሐሳብ በሚያነብበት ዘመን ነፍሰ ገዳይ እንዴት ሊሸሸግ ይችላል የሚል ነገር ያነሣል። ዛሬም ይነበባል። በ1955 የተመረጠው የማርክ ክሊፍተንና የፍራንክ ራይሊ መጽሐፍ ግን አሁን የሚነሣው፣ አብዛኛውን ጊዜ «ይህ እንዴት ተሸለመ?» ለማለት ነው።

በሀገራችን ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሸልም፣ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ከበደ ሚካኤል፣ በሥነ ጥበብ አፈወርቅ ተክሌ ተሸለሙ። በ1966 ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና በ29 ዓመታቸው የሥነ ጽሑፉን ሽልማት ተቀበሉ። እዚህ መራጩ የአንባቢ ጉባኤ ሳይሆን ድርጅቱ ነበር። ከበደ ሚካኤል የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊ አልነበሩም፤ ይሁን እንጂ «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ሀገር በምን መንገድ ወደ ነገ ትሄዳለች የሚለውን ጥያቄ ለወጣቱ አቅርበዋል።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ድርጅቱ ቀረ፤ የከበደ ሚካኤልና የጸጋዬ ሥራ ግን አልቀረም። እንግዲህ በአንዱ ሀገር አንባቢ መርጦ አንዱ መጽሐፍ ቆየ፣ ሌላው ተረሳ፤ በሌላው ሀገር ሸላሚው ጠፍቶ የተሸለሙት ቆዩ። ስለዚህ የመምረጫው መንገድ ብቻውን ለመጽሐፍ ዋስ አይሆንም። ሸላሚዎች የሚሰጡት የመጀመሪያውን ፍርድ ነው፤ ይግባኙን የሚሰማው ኋላ የሚመጣው አንባቢ ነው።

ይህ ችሎት በአዲስ አበባ ብቻ የሚያስችል አይደለም። የአርቦዬ ተማሪ አንድ የቆየ መጽሐፍ አንብቦ ከጓደኛው ጋር ሲከራከር፣ የአሰላ ወጣት ሠራተኛ ከደመወዙ ቀንሶ መጽሐፍ ሲገዛና ለሌላው ሲያውስ፣ ሁለቱም በወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። አንብበን መጽሐፉ ደካማ ነው ብንል ፍርድ ሰጠን ማለት ነው። ሳናነብ «ተሸልሞ ነበር» እያልን ስሙን ብቻ ብናወድስ ግን ደራሲውን አከበርነው ማለት አይደለም፤ መጽሐፉን በምስጋና ሸኝተን ቀበርነው እንጂ።