የጣና ውሃ ከፍታና የደንገል ዳርቻ

የጣና ሐይቅ ውሃ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ልክ አይቆምም። ከክረምት በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል፤ በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ በተራ ዓመት 1 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ዳርቻው በብዙ ስፍራ ለጥ ያለ ስለ ሆነ፥ ውሃው ጥቂት ሲሸሽ ሰፊ መሬት ይገለጣል፤ ጥቂት ሲመለስም ሰፊ መሬት ይሸፈናል።

የዳርቻው ዕፀዋት ስፍራቸውን የያዙት በዚሁ ልክ ነው። ጠለቅ ባለው ውሃ ቅጠላቸው የሚንሳፈፍ ዕፀዋት ይገኛሉ። ከነርሱ ወዲህ ሥራቸው ከእርጥበት የማይለይ ደንገልና ፊላ ይበቅላሉ። ክረምት የሚሰጥመው፥ በጋ የሚገለጠው መሬት ደግሞ የቄጠማና የሣር ነው። ውሃው ለብዙ ዓመታት ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ይህ ተራ አብሮት ይዛወራል።

ይሁን እንጂ የውሃ መሸሽ ሁሉ ለደንገል ጥፋት አይደለም። የደንገል ዘር ለመብቀል እርጥብ ጭቃ ስለሚሻ፥ መጠነኛ ጉድለት ለአዲስ ቡቃያ ይጠቅመዋል። ጥፋቱ የሚመጣው ጉድለቱ ረዝሞ ጭቃው ሲደርቅ፥ ይልቁንም የተገለጠው መሬት ወዲያው ሲታረስና ከብት ሲሰማራበት ነው። ሥሩ ከተነቀለ በኋላ ውሃው ቢመለስም ደንገሉ አብሮት አይመለስም።

በ1988 ዓ.ም. ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በባሕር ዳር አጠገብ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ የውሃውን መውጣት የሚወስነው ዝናም ብቻ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ኀይል ፍላጎትም ሆነ። በ1995 ዓ.ም. የዝናም ማነስና ለኀይል የተለቀቀው ውሃ ተደርበው ሐይቁ እጅግ ስለ ጎደለ መርከቦች ቆሙ፤ የተገለጠው ዳርቻ ታረሰ፤ ብዙ ደንገልም ጠፋ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ኀይል ማመንጫ ሥራ ስለ ጀመረ፥ ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ በከፊል ወደ በለስ ወንዝ ይሄዳል።

ይህ ነገር የዕፀዋት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ታንኳ የሚሠራው ከደረቀ ደንገል ነው፤ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድም ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። ስለዚህ ታንኳ ሠሪ ደንገሉን በየጊዜው በቅርብ ማግኘት አለበት። በዓሣ ማስገርና በታንኳ ሥራ የታወቀው ነገደ ወይጦም ሙያውን ለልጆቹ የሚያስተምረው በእጁ በሚይዘው ደንገል ነው። ዳርቻው የእርሻ መሬት ሆኖ ከቀረ፥ ከደንገሉ ጋር የአሠራሩ ዕውቀትም ይጠፋል።