ማዘጋጃ ቤት ለቤት ሠሪ የሚያደርገው ሞገስ

በሲያትል ከተማ ቦታ ገዝተው አዲስ ቤት ለመሥራት የሚያስቡ አንዳንድ ወገኖቼ፣ ተፈጥሮን የማይጎዳ ቤት ለሚሠራ ሰው ከተማው ስንት ዶላር ይሰጣል እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ የነገሩን ሥርዐት ላስረዳ ወደድሁ።

ከተማው የሚሰጠው ማበረታቻ ከግምጃ ቤት ወጥቶ የሚታደል ምጽዋት አይደለም። ካህን በቃሉ ያሰረውን ግዝት በቃሉ እንደሚፈታ፣ ማዘጋጃ ቤቱም በአንድ ቦታ ላይ ከዚህ የበለጠ የወለል ስፋት አይሠራም ብሎ ራሱ የደነገገውን ወሰን፣ ኃይልንና ውሃን ለሚቆጥብ፣ የቤት ውስጥ አየሩም ንጹሕ ለሆነ ቤት ከፍ ያደርግለታል፤ ከዚህ የላቀ መመዘኛ ለሚያሟላ ደግሞ የንድፉን ምርመራ ያፋጥንለታል፤ ይህም በብድር ለሚሠራና ወለዱ በየወሩ ለሚቈጠርበት ሰው ቀላል ጸጋ አይደለም። ከመመዘኛዎቹ አንዱ ቢልት ግሪን የተባለው፣ በኮከብ ብዛት የሚለካው ነው። ያቋቋመው የቤት ሠሪዎች ማኅበር መሆኑ ጥርጣሬ ያሳድርባችሁ ይሆናል፤ ነገር ግን አራት ኮከብ ለማግኘት ከሠሪው የተለየ ሦስተኛ ወገን መርምሮ መመስከር አለበት።

እንግዲህ የማበረታቻው ኃይል በግዝቱ ጥብቅነት ልክ መሆኑን ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የከተማው ምክር ቤት በአንድ ግቢ ከዋናው ቤት ሌላ ሁለት ተጨማሪ መኖሪያዎች እንዲሠሩ ሲፈቅድ፣ ሁለተኛው በአዲስ ሕንፃ የሚሠራ ከሆነ ወይ የአረንጓዴ ግንባታ መመዘኛ እንዲያሟላ፣ ወይ ኪራዩ ገቢው ውሱን ለሆነ ሰው የሚመጥን እንዲሆን አዝዞ ነበር፤ በ2023 ግን የዋሽንግተን ስቴት፣ ከተሞች በአንድ ቦታ ሁለት ተጨማሪ መኖሪያዎችን ይፍቀዱ የሚል ሕግ ስላወጣ፣ ሁሉም የሚያገኘውን ነገር ሽልማት አድርጎ መስጠት አስቸጋሪ ሆነ። የቤት እጥረት ለጠናበት ሕዝብ የ2023ቱ ሕግ መልካም ነው እላለሁ፤ የከተማውን እጅ ማሳጠሩ ግን አይካድም።

በኦሃዮ ያለችው ሲንሲናቲ ሌላ መንገድ ይዛለች፤ ሊድ የተባለውን የአረንጓዴ ግንባታ ምስክር ወረቀት ላገኘ አዲስ ቤት፣ ከመሬቱ በቀር የሕንፃውን ግብር እስከ 15 ዓመት ትምራለች። ይህ ከሕዝብ ገቢ የሚጎድል በመሆኑና ጥቅሙም ወደ ባለጸጎች ሰፈር ማዘንበሉ ብዙ ክርክር በማስነሣቱ፣ ምክር ቤቷ በ2023 ሰፈሮችን በደረጃ ከፍሎ ደንቡን አሻሽሎታል።

በሲያትል ለመሥራት የቈረጠ ሰው ግን መሐንዲሱ ንድፉን ከመጀመሩ አስቀድሞ፣ የትኛውን መመዘኛ እንደሚከተል ይወስን፤ የመመዘኛው ግዴታ የሚገባው የግንባታ ፈቃዱ ሲጠየቅ ነውና። ሥራው ሲፈጸምም የምስክር ወረቀቱን ለከተማው ያቅርብ፤ ትርፉን ወለል ሠርቶ ማስረጃውን ያላቀረበ መቀጮ ይጠብቀዋል።