የራሳም ወረቀቶችና የመተማ በር

መተማ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው አንድ ጦርነት ነው፤ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁበትን የ1889ኙን (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ለዚያ መሥዋዕትነት ክብር ይገባል። ነገር ግን የከተማዋ ታሪክ በዚያ ብቻ መታጠሩ ትልቅ ጉዳት ነው። ከዚያ 24 ዓመት ቀደም ብሎ መተማ የነገሥታት ደብዳቤ የሚጠበቅባት በር ነበረች። ይህንን የምናውቀው በአብዛኛው ሆርሙዝድ ራሳም የተባለ ሰው ጠብቆ ካቆያቸው ወረቀቶች ነው።

ራሳም በ1826 ሞሱል ተወለደ። በነነዌ ቁፋሮ ለብሪቲሽ ሙዚየም ሲሠራ የጊልጋመሽ ታሪክ የተጻፈባቸውን የሸክላ ጽላቶች ከመሬት ያወጣ አሳሽ ነው። ዓረብኛ የአፍ መፍቻው ያህል ስለነበር በኋላ በኤደን የእንግሊዝ ሹም ሆነ። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ ለንደን ላይ መልስ አጥቶ የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን በንጉሡ ሲታሰር፣ የንግሥቲቱን ምላሽ ይዞ እንዲሄድ የተመረጠው እሱ ነበር። በ1864 ምፅዋ ደርሶ አንድ ዓመት ያህል ፈቃድ ጠበቀ። በመጨረሻ በነሐሴ 1865 ከቴዎድሮስ ደብዳቤ መጣለት፤ በመተማ በኩል እንዲመጣ የሚያዝ። ደብዳቤው ማኅተም አልነበረበትም፤ የንጉሥ ቃል በማኅተሙ በሚታወቅበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ያም ሆኖ ራሳምና ባልደረቦቹ ዶክተር ብላንክና ሌተናንት ፕሪዶ በከሰላ ዞረው ኅዳር ላይ መተማ ገቡ፤ ወደ ደጋው እስኪወጡም ከወር በላይ እዚያው ቆዩ።

ለምን መተማ? በትግራይ በኩል ያለው መንገድ በዓመፅ የተዘጋ መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው፤ ግን ብቸኛው አይደለም። ከተማዋን የሚያስተዳድሩት ከዳርፉር አካባቢ መጥተው የሰፈሩት ተክሩሮች ነበሩ። አለቃቸው ሼህ ጁማ ለግብፅ መንግሥትም ለቴዎድሮስም ይገብሩ ነበር። ጥጥ፣ ሰም፣ ቡናና በቅሎ፣ የሚያሳዝነው ደግሞ ባሪያም የሚሸጥበት ገበያ የሰላም ዋስትናው ይኸው ድርብ ግብር ነበር። የካይሮ ፖስታ የሚደርስባት፣ የንጉሡም መልእክተኛ ሳይፈራ የሚገባባት ቦታ መሆኗ መተማን የዲፕሎማሲ መቆያ አደረጋት። ድንበር ሁልጊዜ የጦር ሜዳ ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ መልስ ይመስለኛል።

ራሳም በጥር 1866 መጨረሻ ንጉሡ ፊት ቀረበ። ከዚያም እስከ መቅደላ እስራቱ ድረስ ብዙ ደብዳቤ ተጻፈለት። በ1869 በሁለት ቅጽ ያሳተመው መጽሐፍ ራሱን ከወቀሳ ለማዳን የተጻፈ ነው ይባላል፤ ትክክል ነው። ደብዳቤዎቹ ከመጽሐፉ የሚበልጡትም ለዚህ ነው። ንጉሡን በራሳቸው ጸሐፊዎች ብዕር፣ በራሳቸው አማርኛ፣ ሥላሴን ጠርተው ሲጀምሩ፣ እንግዳቸውን ጤንነቱን ሲጠይቁ፣ አንዳንዴም በቁጣና በፍቅር መካከል ሲዋልሉ ያሳዩናል። እንግዳው አማርኛ አያውቅም ነበር፤ ከንጉሡ ጋር የሚነጋገረው በዓረብኛ፣ በአስተርጓሚው በሳሙኤል አፍ ነው። ወረቀቱ ግን አስተርጓሚ ሳያስፈልገው ለእኛ ይነበባል።

ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፣ የተጠበቀው ተቀባዩ ሊጠብቅ የፈለገው ብቻ ነው የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ ስለዚህ ለብቻው መታመን የለበትም። ግን የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መዛግብት በለንደኑ ኪው አሉ፤ ዶክተር ብላንክም የራሱን መጽሐፍ ጽፏል። አንዱን በሌላው መመዘን ይቻላል። ሁለተኛው የበለጠ ያማል፦ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ የዘረፋቸው ብራናዎች ሳይመለሱ፣ ለንደን ያለን ወረቀት ማወደስ ዝርፊያን ማጽደቅ አይሆንም ወይ? አይሆንም። ለራሳም የተላከው ደብዳቤ ላኪው በፈቃዱ የሰጠው ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን መቅደስ የተወሰደ ድርሳን ግን የተወሰደበት ሕዝብ ንብረት ነው። ሁለቱን መለየት የመመለስ ጥያቄውን ያጠናክረዋል እንጂ አያዳክመውም።

ለነገሩ ደብዳቤዎቹን ለማንበብ ለንደን መሄድ ግድ አይደለም። በሕንድ ቢሮ ቤተ መጻሕፍትና በእንግሊዝ የመንግሥት ቤተ መዛግብት የነበሩትን ግርማ ሥላሴ አስፋውና ዴቪድ አፕልያርድ አዘጋጅተው በ1979 አሳትመዋቸዋል። የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ በሆነችው ገንዳ ውሃ የሚገኝ የታሪክ መምህር የዚህን መጽሐፍ ቅጂ ሊያገኝ ይገባዋል። ተማሪዎቹ ስለ መተማ ሲጠይቁት ከ1889 ይልቅ ከ1865 ሊጀምር ይችላል፤ ከሼህ ጁማ ገበያና ማኅተም ከሌለው ደብዳቤ።