የሾዋክ ጨረቃ በአሥር አለቃው ቤት

የአንድ አሥር አለቃ ባለቤት ልጅነታቸውን ያሳለፉት በምሥራቅ ሱዳን፣ በአትባራ ወንዝ አጠገብ በምትገኘው በሾዋክ በስደት ነው። በዚያ ሙቀት ሰው አልጋውን ግቢ አውጥቶ ስለሚተኛ ጨረቃን እንደ ጎረቤት ያውቋታል።

በቅርቡ አሥር አለቃው ከፈቃድ ሲመለሱ የጨረቃን ገጽ የሚያሳይ፣ በአክሪሊክ የታተመ ትልቅ ፎቶግራፍ ይዘው መጡ። ወይዘሮዋ እንደተሰቀለ አይተው፣ «ይኼ የምስጥ ኩይሳ ነው፤ የእኔ ጨረቃ አይደለችም» አሉ። ባል «ጉድጓድ ነው» ብለው ተከራከሩ። ለልጆች የደንብ ልብስ የታሰበው ገንዘብ ወጥቶበታልና ነገሩ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አልነበረም።

ለቡና ተጠርቼ ስለነበር ዳኝነቱ በእኔ ላይ ወደቀ። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ዓይናችን ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ አድርጎ መገመት ለምዷል፤ በዚያ ፎቶግራፍ ግን የፀሐይዋ ብርሃን ከታች ሆኖ ነበር። ገልብጠን ስንሰቅለው ኩይሳው ሁሉ ጎደጎደ። ሰሜኑ ወደ ታች ቢዞር የሚከሰን የለም።

ስለዚህ ከመስቀል በፊት ጥላውን እንይ። ብርሃን ከግራ ከመጣ የጉድጓዱ ግራ ውስጠኛ ግድግዳ ይጨልማል፣ ቀኙ ይበራል፤ መስኮታችንም በግራ ቢሆን ይስማማል። ከመስኮት ፊት ለፊት ከተሰቀለ ግን እንደ መስተዋት ያንጸባርቃል። ሙሉ ጨረቃም ለመንገደኛ እንጂ ለግድግዳ አትመችም፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትመታት ጥላ የላትም፣ ዝርግ ትሆናለች። በግማሽ ጨረቃ ጊዜ በብርሃንና በጨለማ ድንበር ላይ የተነሣው ይመረጣል። ኮፐርኒከስ የተባለው ጉድጓድ ስፋቱ 93 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጣና ሐይቅ ከነ84 ኪሎ ሜትር ርዝመቱ ይገባበታል።

በ2001 ዓ.ም. ወደ ጨረቃ የተላከችው የአሜሪካ መንኮራኩር ያነሣቻቸውን ምስሎች ያለ ክፍያ ማግኘት ይቻላል። የሚከፈለው የኅትመቱ ዋጋ ብቻ ነው። አሥር አለቃው ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ።

አክሪሊክ ክብደቱ የመስተዋት ግማሽ ያህል ነው፤ እንደ መስተዋትም አይረግፍም። ነገር ግን ይጫራል። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ መፈተግ ወይም አልኮል ባለው ማጽጃ መወልወል ያበላሸዋል፤ ለስላሳ ጨርቅና ቀጭን የሳሙና ውኃ ይበቃዋል። በቆላ ላለን ደግሞ የብሎኑ ቀዳዳ ትንሽ ሰፋ ይበል፤ አንድ ሜትር አክሪሊክ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል።

አሁን የቀረው ክርክር የቦታው ነው። አሥር አለቃው ሳሎን ይሁን ይላሉ። ወይዘሮዋ ግን ከልጆቹ አልጋ በላይ እንዲሆን ወስነው ሚስማሩን ነቅለዋል።